የምኒልክ ብርዎን ደረጃ ከማሰጠትዎ በፊት

ከአያት የወረደ የምኒልክ ብር፣ ጠገራ ወይም የጃንሆይ ዘመን ሽልንግ ቤትዎ ካለ፣ ይህን ጽሑፍ እስኪጨርሱ ድረስ አንድ አደራ አለኝ፤ አይጠቡት። በሎሚም፣ በአመድም፣ በጥርስ ሳሙናም፣ አንጥረኛ ቤት በሚነከርበት ፈሳሽም አይንኩት። በለስላሳ ጨርቅ መወልወልም ያው ነው። በላዩ ላይ የሚታየው ጥቁረት እድፍ አይደለም፤ ብር አየር ላይ ካለ ድኝ ጋር ለብዙ ዓመት ሲኖር የሚያወጣው የዕድሜ ወዝ ነው። ይህን የሚያውቅ ገዢ ወዙን አይቶ ዋጋ ይጨምራል፤ ተፈግፍጎ የሚያብለጨልጨውን ሲያይ ግን መልሶ ያስቀምጠዋል። ስንትና ስንት የምኒልክ ብር ዋጋውን ያጣው በክፉ እጅ ሳይሆን «ለልጄ ሳወርሰው ላሳምረው» ባለ ደግ እጅ ነው። ያ ደግሞ አንዴ ከተደረገ የሚመለስ አይደለም።

አሁን ወደ ጉዳዩ እንግባ። አሜሪካ ወይም አውሮፓ የሚኖር ወገን ያለው ሰው ስለ ሳንቲም ደረጃ ሰጪ ድርጅቶች ሰምቶ ይሆናል። ሥራቸው በአጭሩ ይህ ነው። ሳንቲሙን ይልኩላቸዋል፤ ባለሙያዎች እውነተኛ መሆኑን ያረጋግጣሉ፣ መልኩን ከ1 እስከ 70 በሚደርስ መለኪያ ይገምታሉ፣ ከዚያ ስሙ፣ ዓመቱ፣ ደረጃውና መለያ ቁጥሩ ከሰፈረበት ወረቀት ጋር በጠንካራ ፕላስቲክ አሽገው ይመልሱልዎታል። ሰብሳቢዎች ይህን ማሸጊያ ስላብ ይሉታል። የመለኪያው መነሻ ዊሊያም ሼልደን የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተሙት መጽሐፍ ለአገራቸው የጥንት የመዳብ ሳንቲሞች ያወጡት ነው፤ በኋላ የሌላው ዓለም ሳንቲምም በእሱ ይለካ ጀመር።

ቁጥሮቹን እንዲህ ይረዷቸው። ከ60 እስከ 70 ያለው ገበያ ላይ ያልዋለ፣ በእጅ መዘዋወር ያላሻሸው ሳንቲም ነው። ከ50 እስከ 58 ጥቂት የተነካ፣ 40 እና 45 ከፍ ከፍ ያሉት ቦታዎች ላይ ብቻ የሳሳ፣ ከ20 እስከ 35 በደንብ የሠራ ግን ዝርዝሩ የሚታይ ነው። ከዚያ በታች እየወረደ 1 ላይ ሲደርስ ምን ዓይነት ሳንቲም እንደነበረ ብቻ ነው የሚታወቀው። ከነዚህ ሁሉ ውጪ አንድ የሚያስደነግጥ ውጤት አለ፤ ዲቴይልስ ይባላል። «እውነተኛ ነው፣ ግን ተጠርጓል» ወይም «ተበስቷል» ወይም «ማንጠልጠያ ነበረው» የሚል ማስታወሻ ያለው፣ ቁጥር የማይሰጠው ሳንቲም ነው። ከኢትዮጵያ ቤተሰቦች እጅ ለሚወጣ የብር ሳንቲም ትልቁ አደጋ ዝቅተኛ ቁጥር ማግኘት ሳይሆን ይህ ዲቴይልስ የሚባለው ነው። ስለዚህ አብዛኛው የዚህ መመሪያ ክፍል ሳንቲሙ ከቤት ሳይወጣ ስለሚሠራ ሥራ ነው።

መጀመሪያ ምን እንዳለዎት ይወቁ

እዚህ ላይ አማርኛ አንባቢ ከሌላው ዓለም ሰብሳቢ አንድ እርምጃ ይቀድማል፤ ሳንቲሙን ራሱ ማንበብ ይችላል። የምኒልክ ብር ላይ ዓመቱ የተጻፈው በግዕዝ ቁጥር ነው። ፲፰፻፹፯ ካለ 1887፣ ፲፰፻፹፱ ካለ 1889 ዓ.ም. ነው። ዘመኑ የኛው ስለሆነ 1889 ሲባል በፈረንጁ 1896 እና 1897 ላይ ያርፋል። ይህን ሳይለዩ የኢትዮጵያን ዓመት እንደ ፈረንጅ ዓመት ቆጥረው የሚሸጡ ነጋዴዎች ስላሉ፣ የዋጋ ታሪክ ሲፈልጉ በሁለቱም ዘመን ይፈልጉ።

ከዓመቱ ቀጥሎ ጀርባውን ያዙሩና አንበሳውን ይዩ። ያነሳው የፊት እግር ግራው ነው ወይስ ቀኙ? ካታሎጎች የምኒልክን ገንዘብ ከሚለዩባቸው ምልክቶች አንዱ ይህ ነው። ፓሪስ የተመቱት ላይ ደግሞ የፓሪስ ገንዘብ ማተሚያ ቤት ምልክት የሆነችው የላቲን ኤ ፊደል በትንሹ ትገኛለች። ያዩትን ሁሉ በወረቀት ይጻፉ፤ ማመልከቻ ሲሞሉ ይጠቅምዎታል።

ጠገራው ሌላ ታሪክ ነው። የንግሥት ማርያ ትሬዛ መልክ ባለበት በዚህ ብር ላይ 1780 ተብሎ ስለተጻፈ ሳንቲሙ የሁለት መቶ አርባ ዓመት ዕድሜ አለው ማለት አይደለም። ንግሥቲቱ በዚያ ዓመት ሞቱ፤ ዓመቱ ግን ሳይለወጥ ከዚያ ወዲህ ቪየና ስትመታው ኖራለች፣ ዛሬም ትመታለች። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይና በርሚንግሃምም መትተውታል። የሮማው በተለይ እኛን ይነካል፤ ጣልያን አገራችንን ለመውረር ስትነሳ እ.ኤ.አ. በ1935 የጠገራውን ማተሚያ ቅርጽ ከቪየና ወስዳ መምታት የጀመረችው ኢትዮጵያ ውስጥ የሚታመነው ገንዘብ እሱ ስለነበር ነው። የትኛው ከየት እንደወጣ የሚለየው በትከሻዋ ላይ ባለው ጌጥ ዶቃዎች ብዛት፣ በንስሩ ላባና በመሳሰሉት ጥቃቅን ልዩነቶች ነው። ይህ ለተመራማሪ አስደሳች ሥራ ነው። ለባለቤቱ ግን ፍርዴን በግልጽ ልናገር፦ አንድ ተራ ጠገራ ደረጃ ለማሰጠት የሚወጣው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ከጠገራው ዋጋ ይበልጣል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በእርግጥ የተመታ መሆኑን የሚያውቅ ሰው አይቶ ካልነገረዎት በቀር ጠገራዎን አይላኩ። እንደ ቤተሰብ ቅርስ ይያዙት።

የጃንሆይ 1936 ዓ.ም. ሳንቲሞችም ተመሳሳይ ወጥመድ አላቸው። ፲፱፻፴፮ የሚለው ዓመት ሳይቀየር ለብዙ ዓመታት ሲመቱ ስለኖሩ በየቤቱ ሞልተዋል። ከነሱ ውስጥ ዓይን የሚገባው ስሙኒው ነው። መጀመሪያ የወጣው ክብ ነበር፤ ሰዎች ብር እየቀቡ በሽልንግ ዋጋ ሲያዘዋውሩት ተሰብስቦ ጠርዙ እንደ አበባ የሆነው ተተካ። ክቡ ያለዎት ከሆነ ለይተው ያስቀምጡት። ሽልንጉ ደግሞ ብር ስላለበት ቢያንስ የብረቱን ዋጋ ይይዛል። በ1964 ዓ.ም. ደግሞ የአቴ ቴዎድሮስ፣ የአቴ ዮሐንስ፣ የአቴ ምኒልክ፣ የንግሥት ዘውዲቱና የጃንሆይ መልክ ያለባቸው የብር አምስት ብሮች ለሰብሳቢዎች ተብለው ወጥተዋል። እነዚህ ከመጀመሪያው በሣጥን የተቀመጡ ስለሆኑ ብዙዎቹ ንጹሕ ናቸው፤ ደረጃ ማሰጠት ጥቅም የሚኖረው ከ70 አጠገብ የሚያገኝ ከሆነ ብቻ ነው።

የምኒልክ የወርቅ ሳንቲም ነው የተባለ ነገር ካለዎት ግን የሚቀጥለውን ክፍል በእርጋታ ያንብቡ። ሐሰተኛው ብዙ ነው። ባለሙያ ሳያየው ወርቅ ብለው አይግዙ፣ አይሽጡም።

እውነተኛ መሆኑን በቤት ውስጥ መፈተሽ

ከገበያ ጥሩ የኪስ ሚዛን ይግዙ፤ የግራም አንድ መቶኛ ድረስ የሚያነብ ይሁን። የምኒልክ አንድ ብር ሲወጣ 28.075 ግራም ነበር፤ የብር ንጽሕናው 835 ከሺህ፣ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር። ጠገራውም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ 28.07 ግራም ገደማ፣ 833 ከሺህ ነው። የሠራ ሳንቲም በመሻሸት ጥቂት ይቀንሳል፤ 27 ተኩል ቢመዝን አይደንግጡ። 25 ወይም 31 ካለ ግን አንድ ነገር አለ።

ማግኔት ያስጠጉ። ብር አይሳብም። ሳንቲሙ ቢሳብ ነገሩ አልቋል፤ ባይሳብ ግን ገና ምንም አልተረጋገጠም፤ ናስም አይሳብምና።

ከዚህ የሚሻለው የውሃ ፈተና ነው፤ ሳንቲሙን ሳይጎዳ ስለ ውስጡ ይነግርዎታል። ሚዛኑ ላይ ግማሽ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ያስቀምጡና ሚዛኑን ወደ ዜሮ ይመልሱ። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስረው ውሃው ውስጥ ያስጥሙት፤ ታችም ጎንም አያስነኩት፣ በእጅዎ አንጠልጥለው ይያዙት። ሚዛኑ የሚያነበው ቁጥር ሳንቲሙ የገፋው ውሃ ክብደት ነው። አሁን የሳንቲሙን ደረቅ ክብደት በዚህ ቁጥር ያካፍሉ። 835 ብር ያለበት ቅይጥ ወደ 10.2 አካባቢ ይሰጣል። 28 ግራም የሚመዝን ብር ውሃ ውስጥ 2.75 ገደማ ያነባል ማለት ነው። ብር የተቀባ ናስ ከሆነ ግን ከ3.2 በላይ ይሄዳል፤ ሲካፈልም 8 ተኩል ገደማ ይወጣል። ሲጨርሱ ሳንቲሙን በለስላሳ ወረቀት ላይ አስቀምጠው ውሃው ይመጠጥ እንጂ አይሹት። የተበሳ ወይም ማንጠልጠያ የተበየደበት ከሆነ አየር ስለሚይዝ ውጤቱ ትንሽ ይዛባል፤ ከመለካትዎ በፊት ውሃ ውስጥ ነቅነቅ ያድርጉት።

ክብደቱም ውሃውም ቢስማሙ ሥራው አላለቀም፤ ከእውነተኛ ብር የተሠራ ሐሰተኛ አለና። በማጉያ ፊደሎቹን ይዩ። በማተሚያ የተመታ ሳንቲም ፊደሉ ከሜዳው ላይ ቀጥ ብሎ ይነሳል፤ በቅርጽ የፈሰሰው ግን ፊደሉ ዳርና ዳሩ የለሰለሰ፣ ሜዳው ላይ የአረፋ ቀዳዳና ትናንሽ ጉብታ ያለበት ይሆናል። ጠርዙን ዙሪያውን ያዙሩት፤ ሁለት ግማሽ የተጋጠመ የሚመስል መስመር ካዩ ሐሰተኛ ነው ብለው መጠርጠር ይገባዎታል። የግዕዙ ፊደል ደግሞ ለእርስዎ ልዩ ምስክር ነው። ሐሰተኛ የሚሠሩት ሰዎች ፊደላችንን ስለማያነቡ ‹ሠ›ንና ‹ወ›ን፣ ‹ዘ›ንና ‹ዝ›ን ሲያዛንፉ ያያሉ፤ ፎቶውን ከታወቀ የጨረታ ቤት ፎቶ ጋር አስተያይተው ፊደል በፊደል ያነጻጽሩ።

መልኩን መገመት

በዚህ ደረጃ የሚያስፈልግዎ አንድ መብራትና ትዕግሥት ነው። ክፍሉን አጨልመው አንድ የጠረጴዛ መብራት ብቻ ያብሩ። ሳንቲሙን ጠርዙን በሁለት ጣት ይያዙ፤ ፊቱን አይንኩት፤ የጣት ላብ ምልክት ይተዋል። ከመብራቱ በታች ቀስ እያሉ ያዘንብሉት። ያልተነካ ሳንቲም ላይ ብርሃኑ እየተሽከረከረ ይሄዳል፤ የሠራ ሳንቲም ላይ ግን የንጉሡ ጉንጭ፣ ጢማቸውና ዘውዳቸው ላይ፣ በጀርባውም የአንበሳው ጋማና ጭን ላይ ሲደርስ ብርሃኑ ይሞታል። ወዙም በነዚሁ ቦታዎች የተለየ ቀለም ይኖረዋል። ያ ከ60 በታች መሆኑን ይነግርዎታል።

አሁን እንደገና ያዘንብሉትና ሜዳውን ብቻ ይዩ። ቀጫጭን ፀጉር መሰል ጭረቶች ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ተሰልፈው ካዩ፣ አንድ ሰው ከዚህ በፊት ጨርቅ አሳልፎበታል። የደረጃ ሰጪው ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው። ወዙ በፊደሎቹ ሥር ብቻ ጥቁር ሆኖ ሜዳው ነጭ ከሆነም ያው ነው፤ ሜዳው ተጠርጎ ሥሩ ቀርቷል።

ቀጥሎ ከላይ፣ ከንጉሡ ዘውድ በላይ ያለውን ጠርዝ ይመርምሩ። የኛ እናቶች ብሩን በአንገታቸው ስላሰሩት ብዙ የምኒልክ ብርና ጠገራ ማንጠልጠያ ነበረው። ማንጠልጠያው ተነቅሎ ቦታው ተሞርዶ ቢለሰልስም የብየዳው ቀለም ይቀራል። የተበሳ ቀዳዳ ተሞልቶ ከሆነም በውስጡ የሚታየው ብረት ቀለሙ ይለያል። ማንጠልጠያው አሁንም ካለ አይንቀሉት። ተነቀለም አልተነቀለም ዲቴይልስ ነው የሚሰጠው፤ ከነማንጠልጠያው ግን የአንዲት ሴት ጌጥ ሆኖ ይቀራል፤ እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለውን ብር በፕላስቲክ ታሽጎ ከማይ በድሪው ላይ ባየው እመርጣለሁ።

ሒሳቡ

ከዚህ በኋላ ያለው ጥያቄ ንጹሕ ሒሳብ ነው። ወጪው አንድ አይደለም። ለአንድ ሳንቲም የሚከፈለው የደረጃ ክፍያ አለ፤ በተራው አገልግሎት በአስሮች የሚቆጠር ዶላር ነው፤ የሳንቲሙ ዋጋ ከፍ ሲል ክፍያውም ከፍ ይላል። በእያንዳንዱ ጭነት ላይ የማስተናገጃ ክፍያ፣ መላኪያ፣ መመለሻና ኢንሹራንስ ይጨመራል። በቀጥታ ለመላክ አንዳንዶቹ የዓመት አባልነት ይጠይቃሉ። ሁሉንም በአንድ ወረቀት ይደምሩ። ለምሳሌ ድምሩ 90 ዶላር ሆነ እንበል። ሳንቲሙ ያለ ስላብ 150 ዶላር የሚያወጣ ከሆነና በሚገምቱት ደረጃ ታሽጎ 200 የሚሸጥ ከሆነ 40 ዶላር ከስረዋል። ታሽጎ 450 የሚሸጥ ከሆነ ግን መላኩ ትርጉም አለው።

የሚሸጥበትን ዋጋ ከየት ያገኙታል? ሰው ከጠየቀው ዋጋ ሳይሆን ሰው ከከፈለው። እንደ ሄሪቴጅና ስታክስ ባወርስ ያሉ የአሜሪካ ጨረታ ቤቶች ያለፉ ሽያጮቻቸውን ከነፎቶው በድረ ገጻቸው ያስቀምጣሉ። እዚያ የእርስዎን ዓመት ይፈልጉ፤ በደረጃ 45፣ በ58 እና በ63 የተሸጡትን ለየብቻ ይጻፉ። ከዚያ ሳንቲሙን ከሚገምቱት አንድ ደረጃ ዝቅ አድርገው ያስሉ፤ የራስን ሳንቲም ማንም ከፍ አድርጎ ነው የሚያየው። ይህ ዝቅ ያለው ሒሳብም ትርፍ ካሳየ ይላኩ።

እዚህ ላይ አንድ ብዙ ሰው የሚያሳስት ነገር አለ። ደረጃ ሰጪዎቹ እስካሁን ያሸጉትን ሳንቲም ብዛት በየዓመቱና በየደረጃው ይፋ ያደርጋሉ። የኢትዮጵያ ሳንቲሞችን ሲፈልጉ ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ ያገኙታል፤ ሻጮችም «በዓለም ላይ ያለው ይህ ብቻ ነው» ይላሉ። ትንሽነቱ የሚናገረው ግን ስንት ሰው እንደላከ ነው እንጂ ስንት ሳንቲም እንዳለ አይደለም። ስንቱ በየሣጥኑና በየድሪው እንዳለ እኛ እናውቃለን። በዚያ ቁጥር ብቻ ተመርተው ውድ ዋጋ አይክፈሉ።

ሒሳቡ ባያዋጣም መላክ የሚገባበት ጊዜ አለ። ሐሰተኛነቱ የሚጠረጠር ውድ ሳንቲም ከሆነ፣ ወይም ውርስ ሲከፋፈል ወንድምና እህት በዋጋው ካልተስማሙ፣ የገለልተኛ ባለሙያ ቃል ከክፍያው በላይ ዋጋ አለው። በተቃራኒው፣ ሊሸጡት የማያስቡት፣ ከነታሪኩ ለልጅ የሚያስተላልፉት ከሆነ ስላቡ ምንም አይጨምርለትም። ከሱ ይልቅ ማን ለማን እንደሰጠው፣ መቼና የት እንደነበረ በወረቀት ጽፈው አብረው ያኑሩት።

ሳንቲሙ የት ነው ያለው?

ይህ ጥያቄ ከድርጅት ምርጫው ይቀድማል። ሳንቲሙ ኢትዮጵያ ውስጥ ካለ ወደ ፖስታ ቤት ከመሄድዎ በፊት ሕጉን ይወቁ። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ለአክሱም ሳንቲም ምንም አያወላዳም። ማሳ ሲታረስ የወጣ የአክሱም ወርቅ ወይም መዳብ በኪስ ተይዞ ባሕር ማዶ የሚሄድ ነገር አይደለም፤ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ዘንድ መመዝገብ ያለበት የአገር ታሪክ ነው። ከመስቀል ጋር የታተሙት የነገሥታቱ ሳንቲሞች የዚያን ዘመን ታሪክ ከሚነግሩን ጥቂት ምስክሮች ናቸው፤ ከወጡበት ቦታ ተለይተው ውጭ አገር ገበያ ላይ ሲገኙ ግማሹ ታሪካቸው ጠፍቷል። ለምኒልክ ብርም ቢሆን ከመላክዎ በፊት ባለሥልጣኑን በአካል ይጠይቁ፤ የሚሰጥዎትን ጽሑፍ ይያዙ። «አንድ ብር ምን ያደርጋል» ብለው በሻንጣ ይዘው ሲሄዱ አውሮፕላን ጣቢያ ቢያዝ ሳንቲሙንም ያጣሉ፣ ችግርም ይገጥምዎታል።

በዚያ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ለሚሸጥ ሰው ስላብ ብዙ አይጠቅምም። የከተማው ገዢ በእጁ ይዞ፣ አገላብጦ ነው የሚገዛው። ስለዚህ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሳንቲም ምክሬ አጭር ነው፤ ይመዝኑት፣ ፎቶ ያንሱት፣ በአግባቡ ያስቀምጡት።

ሳንቲሙ ከቤተሰቡ ጋር ቀደም ሲል በሕጋዊ መንገድ ወጥቶ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ካለ ግን ምርጫው ሰፊ ነው።

የትኛው ድርጅት?

ገበያው የሚያምናቸው በዋናነት ሁለት ናቸው። ፒሲጂኤስ እ.ኤ.አ. በ1986 ሥራ የጀመረ የካሊፎርኒያ ድርጅት ነው፤ ኤንጂሲ በ1987 ተመሥርቶ አሁን ፍሎሪዳ ሳራሶታ ይገኛል። ሁለቱም ከአሜሪካ ውጭ ቢሮ ስላላቸው አውሮፓ የሚኖር ሰው ውቅያኖስ ሳያሻግር የሚያስረክብበት መንገድ አለ። ለምኒልክ ብር ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ ብባል፣ የመጨረሻ ውሳኔዬ የሚመሠረተው ሊሸጡበት ባሰቡት ጨረታ ቤት ላይ ነው። በዚያ ቤት ያለፉ የኢትዮጵያ ሳንቲሞች በየትኛው ስላብ እንደነበሩ ይዩና ያንን ይከተሉ። በዋጋ ረገድ በኢትዮጵያ ሳንቲም ላይ በሁለቱ መካከል የሚያስጨንቅ ልዩነት አላይም። በሕጋዊ መንገድ የተያዘ የጥንት ሳንቲም ላለው ሰው ኤንጂሲ የተለየ ክፍል አለው፤ እዚያ ደረጃው በ70 ሳይሆን በቃል ሲሰጥ አመታቱና ገጹ ለየብቻ ከ5 ይለካሉ።

አናክስ የተባለው ድርጅት በዕድሜ ከሁለቱ ይቀድማል፤ የአሜሪካ የሳንቲም ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1972 ያቋቋመው ነበር፤ በኋላ ለግል ድርጅት ተሸጠ። ያለ አባልነት ስለሚቀበልና ዋጋው ዝቅ ስለሚል፣ ዓላማዎ ሽያጭ ሳይሆን «እውነተኛ ነው አይደለም» የሚለው ብቻ ከሆነ በቂ ነው። ስማቸው የማይታወቅ፣ ለሚላክላቸው ሁሉ 68 እና 70 የሚያድሉ ድርጅቶች ግን አሉ፤ የነሱ ስላብ ፕላስቲክ ብቻ ነው። ገንዘብዎን አይስጧቸው፤ በነሱ የታሸገ ሲገዙም የሚገዙት ሳንቲሙን ብቻ መሆኑን ይወቁ።

ለአንድና ለሁለት ሳንቲም አባልነት መግባት አያስፈልግም። ፒሲጂኤስም ኤንጂሲም የሚቀበሏቸው ነጋዴዎች ስላሉ በእነሱ በኩል ይላኩ፤ ጥቂት ያስከፍላሉ፣ ነገር ግን ማመልከቻውን ያውቁታል። በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትኖሩ ደግሞ የተሻለ አለ። ባልቲሞር ላይ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ትልቅ የሳንቲም ትርዒት ይደረጋል። ይዘው ሄደው ሦስት አራት ነጋዴ ያሳዩ፤ ደረጃ ሰጪዎቹም ጠረጴዛ ስለሚኖራቸው እዚያው ማስረከብ ይቻላል። ሁለት የተለያዩ ነጋዴዎች «ተጠርጓል» ካሏችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

አላላክ

ፎቶ ሳያነሱ አይላኩ፤ ሁለቱንም ፊትና ጠርዙን፣ ጭረት ካለም ጭረቱን በቅርበት። ሳንቲሙን የሚያስገቡበት ከረጢት ፒቪሲ የሌለበት ይሁን፤ ፒቪሲ ያለበት ለስላሳ ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ቅባት ያወጣል፤ ያ ቅባት ብሩን ይበላዋል። ስቴፕለር በሳንቲሙ አጠገብ አይጠቀሙ። ከረጢቱን በሁለት ካርቶን መካከል በቴፕ ያስሩ፣ ሲያነቃንቁት የማይንቀሳቀስ ይሁን፣ ከውጭ ባለው ሣጥን ላይ ሳንቲም የሚል ቃል አይጻፉ።

ማመልከቻው ላይ አገር፣ ዓመት በኢትዮጵያ ዘመን፣ የገንዘቡ ስምና የሚገምቱት ዋጋ ይጻፋል። ዋጋውን ለመቆጠብ ብለው ዝቅ አያድርጉ፤ ቢጠፋ የሚካሰው በዚያ ነው። አሜሪካ ውስጥ የፖስታ ቤቱ ሬጅስተርድ ሜይል ዝግ ቢልም በእያንዳንዱ እጅ እየተፈረመ ስለሚሄድ እስከ 50,000 ዶላር ኢንሹራንስ ይገባል። ለቤተሰብ ቅርስ ከፍጥነት ይልቅ ይህ ይሻላል። ከዚያ መጠበቅ ነው፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት።

ሲመለስ

ፕላስቲኩ ላይ ያለውን መለያ ቁጥር በድርጅቱ ድረ ገጽ ያስገቡና መረጃው ከያዙት ጋር መመሳሰሉን ይዩ። ዓመቱን በተለይ ያረጋግጡ፤ ግዕዝ ቁጥር የማያነብ ሰው 1887ን ከ1889 ሊያምታታ ይችላል። ስህተት ካለ በራሳቸው ወጪ እንዲያርሙት ይጠይቁ፤ የጻፉት ስህተት እስከሆነ ድረስ መብትዎ ነው። የታሸገ ሲገዙም ይህንኑ ያድርጉ፤ ሐሰተኛ ስላብም ይሠራል፣ ቁጥሩ ከሌላ ሳንቲም የተሰረቀ ሊሆን ስለሚችል በድረ ገጹ ያለውን ፎቶ ከእጅዎ ካለው ጋር ያስተያዩ።

ከጠበቁት ዝቅ ያለ ቁጥር ቢመጣ ሰብረው እንደገና ለመላክ አይቸኩሉ፤ ሁለተኛው ክፍያ ከልዩነቱ እንዳይበልጥ ሒሳቡን እንደገና ይሥሩ። ዲቴይልስ ተብሎ ቢመጣም ሳንቲሙ እውነተኛ መሆኑ ተመስክሮለታል፤ ስላቡ ውስጥ ይተዉት። የሚገዛ ከመጣ የጉዳቱን ዓይነት በግልጽ ነግረው ይሽጡት። ካልሸጡት ደግሞ ከእርጥበትና ከፀሐይ ርቆ፣ የቤተሰቡ ታሪክ ከተጻፈበት ወረቀት ጋር፣ ልጆችዎ በሚያውቁት ቦታ ያስቀምጡት።